አገልግል ባዶውን አይመለስም

መስታወት ጉንዳኖቹን ያየቻቸው ጎረቤታቸው ምሳው መኪናውን አስነሥቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ከግድግዳው ሥር ተነሥተው ቀጭን ጥቁር ክር መስለው ምሰሶውን ሽቅብ ይወጣሉ። በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከችካሉ ደረሱ፣ በጠፍሩ ወረዱ፣ ከተሰቀለው አገልግል ክዳን ሥር ገቡ። መጀመሪያ ያሰበችው ጨርቁን እንዳያቆሽሹት ነበር። ቀጥላ ቆም አለች። ጉንዳን ከታጠበ ጨርቅ ምን ይፈልጋል?

አውርዳ ከፈተችው። ማር የተቀባ ድፎ ዳቦ፣ ዙሪያውን ቆሎ።

«ወይኔ ጉዴ!» ብላ መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

አገልግሎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱንም የሰፋቸው አንድ ባለሙያ ነው፤ ቆዳቸውም ጠፍራቸውም መንታ ነው። አንደኛው የሴት ልጇ የሰላማዊት መቀየሪያ የሚታሸግበት ነው። ሰላማዊት ስትወለድ ከወገቧ በታች እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረባት። ሐኪሞች አወጡላት፤ እግሯ ተረፈ፣ ሽንቷን የሚይዘው ነርቭ ግን አልተረፈም። ይኸው አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀንም ሌሊትም የሽንት ጨርቅ ታደርጋለች።

በአገልግል ማሸጉ የመስታወት ዘዴ ነው፤ ትኮራበትም ነበር። ሰው ፌስታል ሲያይ «ምን ይዘሻል?» ይላል፤ ሻንጣ ሲያይ «ወዴት ልትሄጂ ነው?» ይላል። አገልግል ሲያይ ግን ምሳ ነው ብሎ ያልፋል። ቆዳው ሽታ አያወጣም፣ ዝናብ አያስገባም። ከታች ፍላኔል እየደረበች የሰፋቻቸውን ጨርቆች ትደረድራለች፤ ከላይ ከአሮጌ የዝናብ ልብስ የሠራቻቸውን የላስቲክ ሱሪዎች፤ በጎን በጎን ቫዝሊን፣ ሳሙና፣ መርፌ ቁልፍ፣ ለረጠበው ፌስታል፣ ቅያሪ ጉርድ ቀሚስ። በዚያ ላይ ደግሞ ምናልባት አለ። ምናልባት መኪናው ቢሰበር። ምናልባት ውኃ ቢጠፋ። ምናልባት ሆዷን ቢያማት። በእያንዳንዱ ምናልባት አንድ ጨርቅ ይጨመራል፤ አገልግሉም ከድፎ ዳቦ እኩል ይከብዳል።

ሁለተኛው አገልግል የወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ነበር። ሰላማዊት በአምደወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥራለች፤ ክፍል የሚያከራዩአት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጅ መግባት ነውር ነውና ዳቦው እንዲቀድማቸው ብላ፣ ከሰቆጣ ለአምደወርቅ ገበያ ሸቀጥ በመኪና ጭኖ ለሚወርደው ለጎረቤታቸው ለምሳው ሰጠችው። ምሳው ማለዳ በር ላይ ጥሩምባ ሲያስጮኽ፣ እሷ የሰላማዊት መርፌ ቁልፍ እንዳይዝግ እያየች ነበር። ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ የምታየው ሴት ያን ጊዜ አላየችም፤ እጇ የገባውን አንሥታ ሰጠችው።

«ዳቦው መንገድ ላይ ጎድሎ ቢገኝ አይጥ ነው በይ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

አገልግል የተላከላት ሴት ደግሞ ምን እንደምታደርግ የታወቀ ነው። ተቀብላ ማጀት ታስገባለች፣ ትከፍታለች፣ ጎረቤት ጠርታ ታቀምሳለች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሰላማዊት ፊቷን እየጠረገች ከጓዳ ወጣች።

«አለቀልን! ጨርቅሽን ነው የላክሁላቸው።»

ሰላማዊት ዳቦውን አየች፣ እናቷን አየች፣ ሳቅ አመለጣት።

«ትስቂያለሽ? ሲከፍቱት ምን ይላሉ? ናቀችኝ ይላሉ! አውጥተው ደጅ ይጥሉታል፣ ውሻ በየመንደሩ ይጎትተዋል፣ አምደወርቅ በሙሉ ወጥቶ...»

«ምሳው ገና ዳገቱን አልጨረሰም፤ አንቺ ውሻው ጋ ደርሰሻል።»

«አንሄድም። ታማለች ብለን በስልክ እናስነግራለን።»

ሰላማዊት ሳቋን ተወች። «ነገ ጠዋት ካልተገኘሁ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እንደሚሰጡት ነግረውኛል። አንቺም ሰምተሻል።»

መስታወት ሰምታለች። የሰማችውን ስታስብ ግን ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ቀለል ሲላት ተሰማት፤ ደንግጣ ሸሸችው። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ሳለች አግዳሚው ላይ ረጥባ ተነሣች። ልጆቹ ግጥም ገጠሙባት። ከዚያን ቀን ወዲህ መስታወት በየዕረፍቱ አገልግሏን ይዛ ትምህርት ቤት ደጃፍ ትቆም ነበር። ራሷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ይዛው የነበረውን ሥራ የተወችውም ለዚህ ነው። ልጅቷ ታይፕ ስትማርም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፈትል ትፈትል ነበር።

«በምን ትሄጃለሽ? ያለሽ ያደረግሽውና ገመድ ላይ ያለው እርጥቡ ብቻ ነው።»

ሰላማዊት ከአልጋው ላይ አዲሱን አንሶላ ገፈፈችው፤ ጠርዙን በጥርሷ ነከሰችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው።

*

ሚኒባሱ ውስጥ መስታወት ስለ አቧራው ሳይሆን ስለ አየሩ ትጨነቅ ነበር። ፊት ያለው ሰውዬ አፍንጫውን ሲነካ መስኮቱን ትከፍታለች። ሰውዬው ጉንፋን ይዞት ነበር። ዳቦውን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ለወይዘሮዋ የምትለውን ይቅርታ ስትደረድርና ስታፈርስ አምደወርቅ ደረሱ።

የወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እልልታ ተቀበላቸው። መስታወት ዞራ አየች፤ ሙሽራ የሚያልፍ መስሏት።

«እልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ!» ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አደግድገው መጡና ሰላማዊትን አገላብጠው ሳሟት። «እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ በመሐል አምስት አልሁ!»

ከማጀት የቅቤና የበርበሬ ሽታ ይመጣል። ጎረቤታቸው እናትነሽ በማማሰያ ገንፎ ትገነፋለች።

«ነገሩን አሁን አይደል የሰማነው» አለች እናትነሽ አንገቷን አውጥታ። «ምሳው ተማሪ ነገር ናት ነበር ያለን። አባትየውስ? መኪናው ላይ ቀረ?»

መስታወት ያን ጊዜ ገባት። ጨርቅ፣ ቫዝሊን፣ መርፌ ቁልፍ፣ ላስቲክ። ሌላ ምን ሊመስላቸው ይችላል?

«ሕፃኑስ?» አሉ ወይዘሮዋ የእናትና የልጅን ጀርባ እያዩ።

«ከአያቱ ዘንድ ቀረ» አለች መስታወት። አፏ ከራሷ ቀደማት።

«ከአያቱ? አያቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«በ... በአባቱ በኩል።»

«እሰይ፣ አባት አለው ማለት ነው» አለች እናትነሽ።

«ክርስትና ተነሣ?»

«ተነሣ።»

«ማን አላችሁት?»

መስታወት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ መዓት ሁሉ ሲወርድባት አስባለች፤ ለሌለ ሕፃን ስም ማውጣት እንደሚመጣባት ግን አላሰበችም።

«እማማ ወለተ ገብርኤል» አለች ሰላማዊት፣ «ሕፃን የለም። ጨርቁ የኔ ነው።»

«ያንቺ? ያኔ በልጅነትሽ?»

«የአሁን ነው። ስወለድ ወገቤ ላይ ችግር ነበረብኝ፤ ሽንቴን መያዝ አልችልም። ቀንም ሌሊትም አደርገዋለሁ። የርስዎ ዳቦው ነበር። እናቴ ተሳስታ ነው።»

ማማሰያው ቆመ። ገንፎው ብቻ ይንተከተካል። ወይዘሮዋ ወደ እናትነሽ ዞረው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏት፤ ድምፃቸው ቆጣ ያለ ነበር። መስታወት የላስታ ሰው ናት፤ ኽምጣኛ አይገባትም። የገባት ፊታቸው ነው፤ ከፊታቸውም ያነበበችው «አስወጫቸው» የሚል ነበር። ዳቦውን ጭምር አንሥታ ወደ በሩ ዞረች። ሰላማዊት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ፍራሼስ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ከሥሬ የማነጥፈው ላስቲክ አለኝ።»

«ሽታስ? ከጎንሽ ሌላ ተከራይ ሊገባ ይችላል።»

«ዕለት ዕለት አጥባለሁ። ሸቶ እኔ ካልታወቀኝ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም።»

«ማን ነው የሚያጥበው? እናትሽ ከሰቆጣ እየተመላለሰች?»

«እኔ...» ብላ መስታወት ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለች ሰላማዊት።

ይህን ሁሉ የምትመልሰው ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ነው። መስታወት እንዲህ ያለ ጥያቄ ለልጇ እንዳይቀርብ ዕድሜ ልኳን ከፊት ከፊቷ ስትሮጥ ኖራለች። አሁን ጥያቄው በሙሉ ቀረበ፤ ልጅቷም ቆማለች፤ ጣሪያውም አልወረደም። መልሶቹን ማን አስጠናት? ለብቻዋ ማታ ማታ ስታጠናቸው ኖራ መሆን አለበት፤ እናቷ እንዳትሰማ።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን አሹ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ሕፃን ይመጣል ብዬ ነበር። ይህ ቤት የአራስ ገንፎ አይቶ አያውቅም። እናትነሽን ከሥራዋ ጎትቼ አመጣኋት።»

«በደንብ ነው የጎተቱኝ» አለች እናትነሽ፣ ቀስ ብላ።

መስታወት የተዘጋጀችው ለስድብ ነበር፤ ለዚህ አልተዘጋጀችም። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ» አለች። «ዋሸሁዎት። ደንግጬ ነው።»

«ውሸቱንስ አታውቂበትም። ለሕፃኑ ሁለተኛ አያት እንኳ ፈጥረሽ አመጣሽ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። «በሉ፣ የተገነፋ ገንፎ አይደፋም። ቅረቡ።»

ዙሪያውን ከበው በሉ። ቅቤው በመሐሉ ጉድጓድ ይቀልጣል። ማንም ስለ ክፍሉ አላነሣም። እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ነው ወይዘሮዋ እንደ ዋዛ የተናገሩት።

«አጥሩ ላይ ግን እንዳታሰጪ። ካህናቱ የሚያልፉበት ነው። ከጓሮ በኩል ከቁልቋሉ ጎን ፀሐይ አለ፤ ውኃውንም ከዚያው ድፊው።» ተነሥተው ማጀት ገቡና አገልግሉን ይዘው ወጡ። «ያንቺንም እንኪ። አገልግል ባዶውን አይመለስም።»

ሰላማዊት ከፈተችው። ጨርቆቿ እንደነበሩ ታጥፈው አሉ። በላያቸው በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ እንዶድ ተቀምጧል፤ በዓመት በዓል ነጠላ የሚያነጡበት።

*

ሊመሽ ሲል ሰላማዊት ከትልቁ ቤት ማዶ ባለው የኪራይ ክፍሏ ለነገ የሚሆናትን ማሸግ ጀመረች። መስታወት አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ታያለች።

ልጅቷ አገልግሉን አልነካችውም። ለምስክር ወረቀቷ መያዣ የገዛችውን ጥቁር የትከሻ ቦርሳ አወጣች። ጨርቆቹን አጠፈች፣ በላስቲክ ሱሪው ጠቀለለች፣ ትንሿን የቫዝሊን ቆርቆሮ፣ ሳሙና ቁራጭ፣ ሁለት ፌስታል። ቦርሳው ተዘጋ። ከውጭ ሲያዩት የማንም ሴት ቦርሳ ነው።

«ይህ ብቻ?» አለች መስታወት።

«ቢሮው ከዚህ ይታያል እማዬ። ለምሳ እመለሳለሁ።»

«ምናልባት ስብሰባ ቢያቆዩሽስ?»

«እወጣለኋ።»

«ምናልባት...»

«እማዬ፣ ምናልባቱ አገልግሉ ውስጥ ይደር። ስፈልገው መጥቼ እወስደዋለሁ።»

መስታወት በእጇ የያዘችው አንድ ትርፍ ጨርቅ ነበር። ከአዲሱ አንሶላ የተቀደደው ነው። አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። ጠዋት ልቧ ውስጥ ቀለል ያላት ነገር ትዝ አላት። ክፉውን የምትጠብቀው እንዳይመጣ ነው ስትል ኖራለች። ጠዋት ግን መንገዱ ቢቀርባት፣ ልጅቷ ቤት ብትቀርላት ደስ የሚላት አንድ ክፍል ከውስጧ ተገኘ። ይህን ለማንም አትናገርም። ጨርቁን አገልግሉ ውስጥ መለሰችው፤ ክዳኑን ገጠመች።

«በቀን ወይዘሮዋ እናትነሽን በኽምጣኛ ምን ነበር ያሏት?» አለች፣ ሌላ ነገር ለማንሣት።

ሰላማዊት ፈገግ አለች። ኽምጣኛውን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ለምዳዋለች። «‹አማስይ እንጂ፣ ሊያርርብሽ ነው› ነዋ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ለመስታወት መኝታ ያነጠፉላት ከእሳቸው ጋር በትልቁ ቤት ነው። ሰቆጣ እናትና ልጅ የሚያድሩት በአንድ ክፍል ነበር፤ ሌሊት እየነቃች ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን ሰዳ አንሶላውን ትዳብሳለች። ከረጠበ ልጅቷ ሳትነቃ ትቀይራለች፤ ወይም ልጅቷ የማትነቃ ይመስላት ነበር።

ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። በሩ የወፍራም ጣውላ ነው፤ ከውስጥ የእንጨት መቀርቀሪያ አለው።

«አትቀርቅሪው፤ ገርበብ አድርጊው ብቻ። ሌሊት መጥቼ ላይሽ...»

«ደህና እደሪ እማዬ።»

ሰላማዊት በሩን ይዛ ቆማለች። አልተቆጣችም፤ ግን ወደ ውስጥ መንገድ አልሰጠችም። መስታወት ጉንጯን ሳመቻት።

«እሺ፤ ደህና እደሪ።»

ግቢው መሐል ስትደርስ ቆመች። ከማጀት ወይዘሮዋ እሳት ሲያዳፍኑ ይሰማል። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው። ብትመለስና ብትገፋው በሩ አሁንም ይከፈታል። ይህን አወቀች፤ እግሯም አወቀው። ነጠላዋን አጥብቃ ጆሮዋን ጣለች።

ከኋላዋ መቀርቀሪያው በጣውላው ላይ ተንሸራቶ፣ ከቦታው ሲገባ ሰማች።