ሥጋ ያስለመድኳት

"ቀበሮ ናት፣ ተያት" ይለኛል ባሌ አለምሰገድ። ተዪ ሲሉኝ መች እሰማለሁ! እዚህ ሎውሪ በሚባለው የባሕር ማዶ ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ የሚኖሩት ካዮቲ የሚሏቸው የቀበሮ ዘመዶች ባልና ሚስት ናቸው፤ አብረው ያድናሉ፣ አይጥና ጥንቸል ያሳድዳሉ፣ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። በረዶው ሲጠና ግን ሚስቲቱ ከስታ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። ምግብ መጣል ግፍ ነው ብዬ የተረፈንን ሥጋ ሁሉ "ነይ የኔ እናት" እያልኩ ወረወርኩላት። ልጄ ሔቨን "ማሚ፣ ስቶፕ! ሰው ከለመደች እኮ ይገድሏታል" ብላኝ ነበር። ወግጂ አልኳት።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ቤታችን ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር የለም። እሷ ምኑን ታውቃለች? በየማለዳው በራፌ ድረስ መጣች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ አርግዛለች። ሽሮ በእንጀራ ባቀርብላት አሽትታ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደ ባለጌ አስተናጋጅ ቆጠረችኝ መሰለኝ። ሳቅኩ። ሥጋ ገዝቼ ልስጣት ብል በጾም ሥጋ መንካቱ ከበደኝ፤ ተውኩት። በሳምንቱ የጎረቤቴን የእንቁን ትንሽ ውሻ ከደጅ አንቃ ወሰደች። እንቁ ስታለቅስ አብሬያት አለቀስኩ፤ ያስለመድኩ እኔ፣ ያስራብኩ እኔ፣ አጽናኝ ደግሞ እኔ!

የዱር አራዊት ተቆጣጣሪው መጥቶ "የሚቀልባት ሰው አለ፤ ማነው?" ሲለን፣ "እኔ እንጃ" አልኩ። ምላሴ እንዴት ታዘዘልኝ! ቤት ገብቼ ብሰግድ ብሰግድ ልቤ አላረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ጠመንጃውን ይዞ ከመኪናው ጀርባ አድፍጧል። ከሳሩ ውስጥ ብቅ ስትል አየኋት። በነጠላ ጫማዬ ሮጬ ወጣሁ። "ሂጂ! ጥፊ! ይገድሉሻል!" እያልኩ ጮህኩ፤ ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩባት። እሷ እቴ! ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን አቁማ፣ ጅራቷን እየቆላች ወደኔ መጣች። የወረወርኩትን ድንጋይም ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ጥይቱ ያኔ ጮኸ።

ሄጄ አጠገቧ ተንበረከክኩ። ጡቶቿ በወተት ተወጥረዋል፤ ለካ ወልዳለች። ሰውዬው "ደህና ነሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ የቀለብኳት" አልኩት። "ልጆቿ ግን የት እንዳሉ አላውቅም።"