ዘጠና ዘጠኝ ቁራጭ

ከሚሴ ላይ ሙሽራ ባለችበት ቤት ድሪቶ የሚባል ቃል አይነሳም። ድሪቶ ቁራጭ ጨርቅ በቁራጭ ላይ እየተደረተ የሚለበስ የድሃ ብርድ ልብስ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ተነስቶ ይደበቃል። ኡምኩልሱም ግን ለአንድ ልጇ ለነኢማ ሠርግ ድሪቶ ልትሰፋ ተነሳች። ያውም ተደብቃ አይደለም፤ በረንዳዋ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት።

ሰፈሩን ጉድ ያሰኘው ችግረኛ አለመሆኗ ነው። ባሏ ሸምሱ ጨፋ ላይ ደህና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ነው፤ እሷም በእጅ በምትዞር የስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በዚያ ሰሞን፣ በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ሙሽራ ሁሉ ይዛው የምትገባው ብርድ ልብስ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከባድ፣ ለስላሳ፣ መሃሉ ላይ ነብር የተጋደመበት። ኡምኩልሱም ነብሩን ጠምዳ ይዛዋለች።

«በየቤቱ አንድ ነብር ተኝቷል» ትላለች። «የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች በምን ይታወቃል?»

ነኢማ የድሪቶውን ነገር ስትሰማ አለቀሰች። የምትገባው ባቲ ነው። የእጮኛዋ አክስት ሀዲጃ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የነገደች፣ ዓይኗ ክር የሚቆጥር ሴት ናት።

«እማ፣ ድሪቶ ተሸክሜ ልግባ? እትዬ ሀዲጃ ምን ይሉኛል?»

«የእናቷ እጅ ነው ይበሉሻ!»

«ሂንታኡ!» አለች ነኢማ፤ ስትናደድ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «አይሆንም ብያለሁ!»

ሸምሱ መሃል ገብቶ አስማማቸው። ድሪቶው ሙሽራዋ ሂና እስከምትቀባበት ሐሙስ ካለቀና ነኢማም ካላፈረችበት ይዛው ትሄዳለች። ካልሆነ ጓሮ የታሰረችው ፍየል ትሸጥና ነብሩ ይገዛል። ቀኑ ሲቆጠር አንድ ወር ቀርቷል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ኡምኩልሱም የተረሳችው ሳያውቋት ተርተውት መሆን አለበት። በማግስቱ ልብስ ሰፊው ቶፊቅ ዘንድ ሄዳ ከመኪናው ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ በጆንያ አስሞላች። አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር የሆነ ካርቶን ቆርጣ፣ ዙሪያውን ለስፌት የሚገባ ጣት የሚያህል ትርፍ ጨምራ፣ በጠመኔ እያሰመረች መቁረጥ ጀመረች። አንድ ቁራጭ በቆረጠች ቁጥር ለጸሎት ከምትቆጥርበት ሙስበሃዋ አንድ ፍሬ ታሳልፋለች። ፍሬው ሲያልቅ እሷም አቆመች። ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ በአሥራ አንድ አድርጋ መሬት ላይ ደረደረችው፤ ጥቁሩን ወደ ዳር፣ ቢጫና ሰማያዊውን እያፈራረቀች፣ መሃል ላይ ዘጠኝ ቀይ።

ነኢማ በአጠገቧ ታልፋለች እንጂ አትነካም። መርፌ ከጨበጠች ሰባት ዓመቷ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የትራስ ልብስ ሰፍታ ለእናቷ ስታሳይ፣ ኡምኩልሱም ጠማማውን ስፌት አይታ ምላጭ አነሳችና ፈታችው። ልጅቷ ደግማ ሰፋች፤ እናት ደግማ ፈታችው። በሦስተኛው ነኢማ መርፌውን ጥላ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስፌት ነክታ አታውቅም። ኡምኩልሱም ይህን አንድም ቀን ጥፋት ብላ አስባው አታውቅም። ጠማማ ስፌት ይፈታል፤ አለቀ።

ገበሩን አዲስ አቡጀዲ ገዛች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ ስህተቱም የሀገሩ ሴት ሁሉ ስህተት ነው። አዲስ አቡጀዲ የፋብሪካ ሙጫው ገና ስላለበት ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ ደግሞ መንኮሻኮሹ ክብሩ ነው፤ ማንም ሴት አስቀድማ አታጥበውም። ኡምኩልሱምም ሀዲጃ ስትዳስሰው እንድትሰማው ብላ ሳታጥብ ከፊቱ ጋር ሰፋችው። በመሃል የተባዘተ ጥጥ አሳስታ ዘረጋች፤ ሦስቱን ንብርብር በረጃጅም ስፌት አሰረችና፣ ጥጡ እንዳይሸሽ ከመሃል ወደ ዳር እየሄደች በእጇ ወጋችው። ሂናው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ አለቀ። የጠመኔው ምልክት እንዲለቅ ቅዳሜ ጠዋት ቦርከና ወንዝ ወርዳ አጠበችው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ድሪቶው ሲደርቅ አቡጀዲው አጥሮ ፊቱን ሁሉ አጨማዶታል። ቀዩም ለቋል፤ ቢጫው እንደ ቁስል ደምቶ ቁጭ አለ። ኡምኩልሱም አጥሩ ላይ የተሰጣውን እያየች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አፈረች። ነኢማ ከቤት ወጥታ አየችው። ኡምኩልሱም ትስቅብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«እንግዲህ ፍየሏን...»

«ፍየሏ ሣሯን ትብላ!» አለች ኡምኩልሱም። «አምስት ቀን አለኝ። ምላጭ አምጪልኝ።»

ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታችው። አቡጀዲውን ሙጫው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አጠበችው። የደማውን ቢጫ በሳሙና አሽታ ፀሐይ ላይ አዋለችው፤ አልለቅ ያላትን ጥላ ከጆንያው ሌላ ቆረጠች፤ አሁን ግን ሳይታጠብ የገባ አንድም የለም። ቀዮቹን ዘጠኝ ወረወረቻቸው። መሃሉ ባዶ ቀረ።

እሑድ ከሰዓት ሳጥኗን ከፈተች። ከሥር የራሷን የሠርግ ቀሚስ አወጣች፤ አረንጓዴ፣ በየዒዱ እየተለበሰ ሃያ ሁለት ዓመት የታጠበ። ካርቶኑን አስቀምጣ በጠመኔ ስታሰምር ነኢማ ደረሰች።

«እማ! ቀሚስሽን?»

«ሊለቅ የነበረው ቀለም ለቋል። ሊያጥር የነበረውም አጥሯል። ከዚህ በኋላ አይከዳም።»

«እንዲያው ምን አለበት ነብሩን ብንገዛ?»

ኡምኩልሱም መቀሱን ያዝ አደረገች። «ነብሩ ስምሽን ያውቀዋል?» አለች። «እኔ ባቲ ድረስ እየመጣሁ አላለብስሽም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።» ከዚያ ቆረጠችው። ነኢማ የዚያን ቀን ከአጠገቧ አልሄደችም።

ከሱብሂ ሰላት እስከ መግሪብ ሰፋች። ማክሰኞ መርፌ ሌባ ጣቷን ወጋት፤ ረቡዕ ጣቷ አበጠ። በመሃል ጣቷ ገፋች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ጠርዝ አልቆ አንደኛው፣ ከአራት ክንድ የሚበልጠው፣ ቀረ፤ ጥጥ ያዘለ ጠርዝ ደግሞ በስፌት መኪናዋ ሥር አያልፍም። የሙሽራው ዘመዶች ከዙሁር በኋላ ሂናውን ይዘው ይመጣሉ። ኡምኩልሱም መርፌውን በግራ እጇ ሞከረችው፤ አመለጣት። ደግማ ሞከረች፤ አመለጣት።

«ቶይባን ልጥራት?» አለች ነኢማ። ቶይባ ጎረቤታቸው ናት።

«አልፈልግም። እጨርሰዋለሁ።»

መርፌው ሦስተኛ ሲወድቅ ነኢማ ጎንበስ ብላ አነሳችው። አልመለሰችላትም። ቁጭ አለችና ጠርዙን ጭኗ ላይ ሳበች።

ሰባት ዓመት መርፌ ያልጨበጠ እጅ ነው። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ዳር ሆነ። ኡምኩልሱም እያየች ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ ምላጩ ሄደ፤ አነሳችው። ነኢማ አየቻት፤ መርፌውም በአየር ላይ ቆመ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ ልክ ያን ጊዜ በአሥራ ሁለት ዓመቷ እንደነከሰችው።

ኡምኩልሱም ምላጩን በወረቀቱ ጠቅልላ ክር ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመች።

«ቀጥዪ» አለቻት።

እንግዶቹ ሲደርሱ የመጨረሻው ቋጠሮ ገና መታሰሩ ነበር። ሀዲጃ አሰላሙ አለይኩም ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ አልጋው ላይ ከተዘረጋው አረፈ።

«ይሄ ድሪቶ ነው?»

ኡምኩልሱም አፏን ልትከፍት ስትል ነኢማ ቀደመቻት።

«አዎ እትዬ፣ ድሪቶ ነው። እኔና እናቴ ነን የሰፋነው። ይዤው ነው የምመጣው።»

ሀዲጃ ቀረብ አለች። ፊቱን ዳሰሰች፤ ገለበጠችው፤ ገበሩን በሁለት ጣቷ ጨመቀችው። አልተንኮሻኮሸም። አረንጓዴው ላይ ቆይታ «ማሻአላህ» አለች ለራሷ። ከዚያ ጠርዙን በጣቷ ተከትላ ዞረችው፤ አንደኛውን ጎን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሁሉም እንደ መስመር ቀጥ ብሎ፣ ምነው ይቺ ጋ ብቻ ተወላገደ? አንቺን የመሰለች ባለሙያ እንዴት ሳትፈቺው ቀረሽ?»

ኡምኩልሱም ያበጠ ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እሱን ልጄ ናት የሰፋችው» አለች። «አይፈታም።»