ዜሮ የተገኘባት ደቂቃ

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ይሄ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። የሕክምና ትምህርት ቤት አንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ እዚያ ደግሞ በዋዛ አይገባም። በፈተናው ቀን የሠራችውን የሰማ ግን «ምን ነክቷት ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ሃያ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አንድ ማይክሮስኮፕ። ተማሪው አንዲት ደቂቃ አይቶ ምስሉ የየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ይጽፋል፤ ደወል ሲጮህ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰባተኛው ማይክሮስኮፕ ጭጋግ እንጂ ሌላ አያሳይም ነበር። ማስተካከያውን ቢያዞሩት እየተንሸራተተ ይመለሳል። ከፊቷ የነበሩት ገምተው ጽፈው አልፈዋል። የእኛዋ ጉደኛ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ የፀጉር መያዣዋን ነቅላ፣ የላላውን ብሎን ማጥበቅ ጀመረች! ከኋላዋ ያለው ልጅ «ኧረ በፈጠረሽ ጻፊ!» ቢላት «ቆይ፣ ደረሰልኝ» አለችው። ደወሉ ሊጮህ ሲል ምስሉ ጥርት አለ። በደስታ ፈገግ ብላ ለልጁ ቦታ ለቀቀችለት። ምስሉ የምን እንደሆነ ማየቱን ረስታዋለች፤ ወረቀቷም ላይ አንዲት ፊደል የለም።

የላብራቶሪው ሠራተኛ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴትዮ፣ ከፈተናው ስትወጣ ያዟት። «ዶክተር፣ በሽተኛውን ትተሽ አልጋውን ነው የምትጠግኚው?» ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሴትዮዋ ግን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና የሚባል ክፍል አለ እኮ። መቀየር የፈለገ እስከ አርብ ቅጽ ይሞላል» አሏት።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። ስድስት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ሸምድዳለች፤ ውጤቷም ጥሩ ነው። ከዚያ ሁሉ ወር ግን ከልቧ ደስ ያላት ዜሮ ባገኘችባት ደቂቃ ብቻ ነበር። ይሄን ለራሷ ስታምን ፈራች፤ አልጋዋ ላይ ተደፍታም አለቀሰች።

የፈራችው ምህንድስናውን አይደለም፤ አባቷን ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ልጁ ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ልጄ እኮ ዶክተር ልትሆን ነው» የሚለውን ሳይሰማ አይነሳም። የሰፈሩ ሰው ገና ካሁኑ የሚያስል ልጅ ይዞ ይመጣባታል። ይሄን ደስታ ከአባት እጅ መንጠቅ ቀላል መስሎ ይታያችኋል?

አርብ ጠዋት ቅጹን ሞልታ አስገባች። ከዚያ በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። አንድ ወፍራም ደንበኛ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

«ይኸው ዶክተሯ መጣች!» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ ሐኪም አልሆንም።»

ምላጩ የሰውዬው ጉንጭ ላይ ቆመ። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ፊት ላይ ምላጭ ይዤ እንዲህ ያለ ነገር ይነገረኛል?»

«ኧረ መጀመሪያ ምላጩን አንሳልኝ!» አለ ደንበኛው፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ነገሩን ሳታንዛዛ ዘረገፈችው፤ ፈተናውን፣ ዜሮውን፣ የሴትዮዋን ምክር፣ ያስገባችውን ቅጽ።

«ጠጋኝ ልትሆኚ?» አለ አባቷ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ለሰፈሩ ምን ልበል? ሂጂና ቅጹን አሁኑኑ አስመልሺ።»

«አላስመልስም። ፈቃድ ልጠይቅህ አልመጣሁም፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። አባዬ፣ አንተ እኮ ሥራህን ትወደዋለህ። እኔም የምወደውን አገኘሁ።»

አባቷ ምላጩን አስቀምጦ እጁን በፎጣ ጠረገ።

«እወደዋለሁ ብዬ ነግሬሽ አውቃለሁ?»

ልጅቷ ክው አለች። ጠዋት ማታ እየዘፈነ ሲሠራ ነው የምታውቀው።

«አባቴ መቀሱን ሲያስጨብጠኝ አስተማሪ መሆን ነበር የምፈልገው። ፊቱን አይቼ ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።» ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ግን ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነገርሽኝ።»

ልታቅፈው ስትጠጋ በእጁ መለስ አደረጋት፤ እንባው እንዳይታይበት ነው። ደንበኛው ጉንጩ በግማሽ እንደተላጨ ሁለቱን ያያል።

«ሂጂ፣ ትምህርትሽ እንዳያልፍሽ» አላት አባቷ ምላጩን መልሶ እያነሳ። «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።»