ሲስተሙ ለሻይ ወጥቷል

ቦሌ ቡልቡላ፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በሚገጣጥመው ድርጅት ውስጥ፣ አስመረትን ሳያልፍ የሚወጣ ደብዳቤ አልነበረም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክቧ ማህተም በእሷ መሳቢያ ውስጥ ኖራለች። ደመወዜ ይጻፍልኝ ያለ፣ የሥራ ልምድ የፈለገ፣ ለዘመዱ ዋስ መሆን ያማረው ሁሉ በእሷ መስኮት ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። የማትወደው የሚቸኩል ሰው ብቻ ነው፤ ችግሩ፣ ደብዳቤ ፈልጎ የማይቸኩል ሰው አለመፈጠሩ ነው።

ዘንድሮ ድርጅቱ «አሠራራችን በኮምፒውተር ይሁን» አለና አብኔዘር የሚባል ባለሙያ ቀጠረ። አብኔዘርም ሦስት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጦ የምትሠራውን አንድ በአንድ ደብዳቤ ለሚያወጣው አዲስ ሲስተም አስተማረው። ከዚያ ማህተሟ ካዝና ገባች፤ በሲስተሙ ያላለፈ ደብዳቤ ዋጋ የለውም ተባለ። አስመረት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች።

ሐሙስ ጠዋት ልጇ ሉዋም ደወለች። አየር ማረፊያው አጠገብ ካለ የጭነት ድርጅት ሥራ አግኝታለች፤ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣ ያገኘችው ዕድል ነው። የቀራት ዋስ ብቻ ነው። እናቷ ትዋሳታለች፤ የእናቷ መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህንኑ በደብዳቤ ያረጋግጣል፤ እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት።

«ደብዳቤማ የኖርኩበት ሥራ አይደል!» አለቻት አስመረት እየሳቀች።

ጥያቄዋን ሞልታ ላከች። ስክሪኑ ወዲያው መለሰ፦ «ዛሬ ሰው በዝቷል። ነገ ብቅ ይበሉ።»

ዞር ብላ አየች። ከእሷ ሌላ ማንም የለም። ደግማ ላከች። «ፎቶ ኮፒው ደብዝዟል» አላት፤ ፎቶ ኮፒ የሚባል ነገር አላስገባችም። አራት ሰዓት ሲሆን «ለሻይ ወጥቻለሁ» ብሎ እስከ አምስት ተኩል ጠፋ።

በንዴት ጦፋ አብኔዘር ቢሮ ገባች። «ማሽን ሻይ ይጠጣል እንዴ?»

«እትዬ አስመረት፣ እርስዎን አይቶ እኮ ነው» አለ አብኔዘር አንገቱን እያሻሸ። «በመጣበት ቀን የተፈረመለት ሰው አላየም። አለቆቹ ግን በጣም ወደውታል፤ አንድም ስህተት አልሠራም ይላሉ።»

«እንግዲያው አጥፋልኝ!»

«ለማጥፋት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ የሚያጸድቀው ራሱ ነው።»

ዓርብ ጠዋት «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» አላት። «ፈራሚዋ እኔ ነበርኩ!» ብላ ጻፈች። «በማርያም» ብላ ጨመረች። «እኔን በማርያም አትበሉኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አላት። አባባሉ የራሷ ነው፣ ከነቁጣው። ያን ቃል ለስንት ሰው እንዳለችው ማሰብ ጀመረች።

ለአስራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አንድ ሐሳብ መጣላት። እሷን ያሸነፈ ሰው ማሽኑንም ያሸንፈዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት ሳምንት ሙሉ መስኮቷ ላይ የቆመው ቴሌቪዥን ጠጋኙ ገረመው ትዝ አላትና ወደ ጥገና ክፍል ሮጠች።

«ገረመው፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ምን አድርገህ ነው ያስፈረምከኝ?»

ገረመው የያዘውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠ። «አልፈረሙልኝም እኮ፣ እትዬ» አለ በትሕትና። «ለልጄ ዋስ ልሆነው ነበር። ቀኑ አለፈ።»

«አሁን የት ነው?»

«አራብሳ፣ ግንባታ ቦታ። ብሎኬት ያወርዳል።»

ስንት ቀን እንደመለሰችው ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለባት። አፈረች። ይቅርታ ልትለው ስትል ስልኳ ጠራ።

«እማ፣ ሰዎቹ ቢሮ ሊዘጉ ነው» አለች ሉዋም። «ደብዳቤው ደረሰ?»

አስመረት ልጇን የምታጽናናበት ቃል ፈለገች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ያው የለመደችው ነበር።

«ነገ» አለቻት።