የጫንያለው ኪሎ

የአርጆው ቡና ነጋዴ ጫንያለው ከሚዛኑ ላይ የአንድ ኪሎ መመዘኛ ብረቱ ተሰርቆበት ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ጮኸብኝ። ያን ሁሉ ቡና ትቶ ብረት ብቻ የሚያነሳ ሌባ በፖሊስነት ዘመኔ አላየሁምና ነገሩ ከነከነኝ። የገበያው ሰዎች፣ ቡና የሚሸጡለት አዴ ዲንቂቱ ብረቱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ጫንያለውን አስከትዬ ስደርስ፣ ብረቱን ሕፃናት በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ያነባሉ።

«ቡናዬ እሱ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚከሳ ልይ ብዬ ነው» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይላል።

«በቃ ክሴን ትቻለሁ፣ ብረቴን ስጡኝ» አለ ጫንያለው።

«ብረቱማ ኤግዚቢት ነው» አልኩት። «አንተም እንዳትሄድ።»