አሥራ ስምንት ጆንያ

የድንጋይ ዱቄቱ ከመምጣቱ በፊት የአቶ ካሱ ጓሮ ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር ነበር። አርባ አንድ እግር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ድንችና ጎመን። የጨንቻ ዝናብ አፈሩን አጥቦ አጥቦ ኮምጣጣ አድርጎታልና፣ ድንቹ ከዶሮ እንቁላል አይበልጥም ነበር። ከጓሮው ጀርባ ያለው የገብስ ማሳማ የባሰ ነበር። ይህን የመዘገበው የእህታቸው ልጅ ጢሞቴዎስ ነው፤ አርባ ምንጭ በአፈር ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ካልለካ የማያምን ሰው። በመዘገበበት ቀን ከጓሮውም ከማሳውም አንዳንድ ኪሎ አፈር በላስቲክ ቋጥሮ፣ ቀኑን ጽፎበት፣ ከመሳቢያው ከተተ።

በምዕራብ ዓባያ በኩል አንድ ድርጅት ለማዳበሪያ የሚሆን የፎስፌት ድንጋይ እየቆፈረ ይፈጭ ጀመር። የተረፈውን ግራጫ ዱቄት ለገበሬው በነጻ ይሰጣል። ጢሞቴዎስ የዱቄቱን ፎስፈረስ ለካ፤ ጥሩ ነው። ሌላ አልለካም። «ለገብሱ በዓመት ሦስት ጆንያ» አላቸው ለአጎቱ።

በስድስተኛው ዓመት፣ በቁፋሮው ጉድጓድ የተጠራቀመው ውሃ ካድሚየም ተገኘበት፤ ኩላሊትን ቀስ እያለ የሚጨርስ ብረት ነው። ድርጅቱ ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ጉድጓዱን ለዝናብ ተወው። ጢሞቴዎስ በማግስቱ ጨንቻ ወጣ። ገብሱን አየው፤ እንደ ድሮው ቀጫጫ ነው።

«ጋሼ፣ ዱቄቱን የት አደረጋችሁት?»

«ጓሮ ነዋ!» አሉ ካሱ። «እበቱስ ቢሆን ከጓሮ አልፎ ያውቃል? አንተ ጨንቻ አልተወለድክም እንዴ?»

ተወልዷል። እናቱም በየማለዳው እበቱን በቅርጫት ተሸክማ የምትወስደው ወደ እንሰቱ ነበር። ይህን እያወቀ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የት እንዳደረጉት አልጠየቀም።

የአጎቱ ባለቤት ወይዘሮ ሻሺቱ ከጓሮ ድንች ታቅፈው መጡ። «ጢሞ፣ መንግሥት አፈር ለሚያሸት ሰው ደሞዝ ይከፍላል እያልን ስንስቅብህ ነበር። ይኸው፣ ድንቹ ያንተን ጭንቅላት አከለ!»

አልሳቀም። በየዓመቱ ሦስት፣ በስድስት ዓመት አሥራ ስምንት ጆንያ፤ እያንዳንዱ ሃምሳ ኪሎ። ለማሳ የታሰበው ሁሉ አራት መቶ ካሬ ሜትር ላይ አርፏል።

ከጓሮው አዲስ አፈር ወሰደ፣ ድንች ጨመረ፣ የመሳቢያውን አሮጌ አፈር አክሎ አዲስ አበባ ላከ። በአንድ ኪሎ የተገኘው ካድሚየም፦ አሮጌው የጓሮ አፈር ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊግራም፣ አዲሱ አንድ ነጥብ አንድ። ድንቹ ዜሮ ነጥብ ሁለት አራት። ለድንች የተፈቀደው ዜሮ ነጥብ አንድ ነው።

ውጤቱን ይዞ ጨንቻ ወጥቶ ነገራቸው።

«አሳምሬ አጥበዋለሁ» አሉ ሻሺቱ።

«ውስጡ ነው ያለው፣ እትዬ።»

«አፈሩን ብንገለብጠውስ?» አሉ ካሱ።

«ይቀላቀላል እንጂ አይወጣም።»

«እስከ መቼ?»

«እኛ አንደርስበትም፣ ጋሼ።»

ካሱ እንሰቱን አዩ፤ ከዚያ ገብሱን። «ታዲያ ምን እንብላ?»

ጢሞቴዎስ ኖራ ገዝቶ መጣ፤ ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ቀንሶ ተክሉ የሚስበውን ብረት ያሳንሳል። ራሱ መዘነ፣ ራሱ በተነ፤ የመጨረሻዋ እፍኝ መሬት እስክትነካ ከጓሮው አልወጣም። እነሱም እስከዚያ ያላቸውን በሉ፤ ያው ድንች፣ ያው ጎመን፣ ያው ቆጮ።

ኖራ ከገባ በኋላ ከበቀለው ድንች አሥር ፍሬ ለይቶ ላከ። ውጤቱ በአንድ ኪሎ ዜሮ ነጥብ አንድ ዘጠኝ ሚሊግራም ሆነ፤ አሁንም ከተፈቀደው እጥፍ ገደማ።