ሹፌር የሚል ቃል ያለበት ሁሉ

አብተው የሚባለው ካድሬ ቀበሌውን እንዲመራ ከአሰላ ከተላከ ወዲህ ዘውድነሽ ሥራዋን በሰላም ውላ የገባችበት ቀን ትዝ አይላትም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እሷ ናት። የዚያ የናዝሬት ቀበሌ ነዋሪ በሙሉ፣ ከሽማግሌው እስከ ጨቅላው፣ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ በካርድ ተሰድሮ ከፊቷ ተቀምጧል። አብተው ግን ከነዋሪው አንዱንም አያውቅም፤ ለማወቅም አይፈልግም። ካርድ ሲበዛ ደስ ይለዋል፣ ሲያንስ ይጠረጥራል፣ በቃ።

በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው። ጦሩ ወደ ሰሜን ስንቅ የሚያመላልስለት ሰው ቸግሮታል። ስለዚህ ሹፌር፣ መካኒክ ወይም ጎሚስታ የሚል ቃል በካርዱ ላይ ያለበት ሁሉ ተጠርቶ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ይገኝ ይላል ወረቀቱ።

ዘውድነሽ አንብባ ሳትጨርስ ሐሞቷ ፈሰሰ። ታናሽ ወንድሟ ተክለሃይማኖት ሹፌር ነው፤ ከአርሲ ነገሌ እህል እየጫነ የሚመላለስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር። እሷንና አልጋ ላይ የዋለች እናታቸውን ደግፎ የያዘ እሱ ነው። ከሠፈሩ ወደ ሰሜን ከተወሰዱት ሹፌሮች ደግሞ የተመለሰ ሰው እስከዚያ ቀን አላየችም።

ካርዱን መሰወር አይታሰብም። ካርዶቹ ተራ ቁጥር አላቸው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ያለው አብተው ኪስ ውስጥ ነው፤ አንድ ቢጎድል እስር ቤት የምትገባው እሷ ናት። ተክሌ ይጥፋ እንዳይባልም ለቀረ ሰው ቤተሰቡ ይያዛል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፍፏል። ስለዚህ አቀርቅራ ካርዶቹን ማገላበጥ ጀመረች።

ከጀመረችም በኋላ ደሟ ፈላ። ከእሷ በፊት የነበረው መዝጋቢ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ልማድ ነበረው። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው በቤቱ አባወራ ስለሆነ የአባወራውን ሥራ በቤተሰቡ ካርድ ሁሉ ላይ ይጽፈዋል። የሹፌር ሚስት። የመካኒክ ልጅ። የጎሚስታ ሚስት እናት። ናዝሬት ደግሞ የመኪና ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የመጣው፣ ከአሰላ የወረደው፣ ከሻሸመኔ የወጣው መኪና ሁሉ የሚያድርባት። ሹፌር የሚል ቃል የሌለበት ካርድ ፈልጊ ብትባል ይቀላት ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ወንድሟን ረስታው ነበር። ሥራ ሲበላሽ ማየት ስለማትወድ ብቻ ተነስታ አብተው ቢሮ ገባች።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ አያያዝ ሚስቱም አማቱም ሊመጡ ነው። ቃሉ ኖሮበት ግን ደግሞ ሚስት፣ ልጅ፣ ሟች ወይም ጡረታ የሚል ያለበትን ወደ ጎን ላድርገው?” አለችው።

“ትእዛዙ ምን ይላል?” አላት አብተው ቀና ሳይል።

“ቃሉ ያለበት ሁሉ ይላል።”

“ታዲያ ሁሉ የሚለውን ነው የምትቀንሺው?”

“ጡት ያልጣሉ ልጆች አሉበት እኮ።”

“እሱን የበላይ አካል ያየዋል። አንቺ ቃሉን ፈልጊ።”

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ዘውድነሽ ወደ መዝገብ ቤቱ ስትመለስ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ግቢው በሚስትና በአማት ከሞላ እኮ ተክሌም በዚያ ሕዝብ መሃል ይጠፋል። የሚመጣው መኮንን ግራ ተጋብቶ ሁሉንም ይበትናቸው ይሆናል። የአብተው ድንቁርና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ነገር መሰላት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሳትተነፍስ፣ ቃሉ ያለበትን ካርድ ሁሉ እያወጣች ከመረችለት።

ቅዳሜ ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። ጃንጥላ የዘረጉ አሮጊቶች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ጡረተኛው መካኒክ አቶ ባጫ በዱላቸው መሬት እየዳሰሱ። የሹፌር ሚስት የሆነችው ኡሙሰልማ፣ “ወላሂ፣ እኔን ምን ሊያስነዱኝ ነው?” እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ተክለሃይማኖት አጥሩ ጥግ ቆሟል። ዘውድነሽ በዓይኗ፣ ዝም በል፣ ዝም ብለህ ቁም አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

መቶ አለቃው በኡራል መኪና መጣ። አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ ሕዝቡን አየና አብተውን፣ “ይሄ ምንድን ነው?” አለው።

“ቃሉ ያለበት ሁሉ ነው ጓድ መቶ አለቃ። አንድም አልቀረም” አለ አብተው ደረቱን ነፍቶ።

“እኔ የጠየቅሁት ሹፌር ነው። አንተ የሰጠኸኝ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ነው። ማነው ይህን የሠራው?”

አብተው ለመገላገል ከዘውድነሽ የተሻለ ነገር አላገኘም። “እሷ ናት። እንዴት እንደሚለይ እንኳ አሳምራ ታውቀዋለች። ሚስት፣ ልጅ፣ ሟች፣ ጡረታ የሚለውን ላውጣ ብላኝ ነበር” አለ። ራሱ ከልክሏት እንደነበር ረስቶት ይሁን ሳያፍር ቀርቶ እግዜር ይወቅ።

ዘውድነሽ ያን ሰኞ የከፈተችውን አፏን ረገመችው። መቶ አለቃው ግን ካርዶቹን አስመጥቶ እዚያው ጠረጴዛ አዘረጋና፣ “ከአራቱ ቃላት አንዱ ያለበት ወደ ግራ። የሌለበት ወደ ቀኝ። የማንንም ፊት አትዪ፣ ቃሉን ብቻ እዪ” አላት።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። የሹፌር ሚስት፣ ግራ። ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ግራ። ጎሚስታ፣ ቀኝ። ሹፌር፣ ቀኝ። የተክለሃይማኖት ካርድ ሲደርስ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። አነበበችው። አባታቸው ሲሞት ያ መዝጋቢ በዚያው ልማዱ እንዲህ ብሎ ጽፎት ነበር፤ የሟች ሹፌር ልጅ፣ ሹፌር።

ሟችም አለበት፣ ልጅም አለበት። ማንንም አልዋሸችም፣ ምንም አልደበቀችም፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። “ግራ” አለች ድምፅዋን አረጋግታ። ጢማሙ ተክሌ ሄዶ ከሕፃናቱ መሃል ቆመ።

በመጨረሻ ቀኝ በኩል የቀሩት ጥቂት ወንዶችና አንዲት ሴት ነበሩ። ሴትየዋ ወርቅውሃ ናት፤ ካርዷ ላይ የሹፌሮች ሻይ ቤት ባለቤት ይላል። መቶ አለቃው ግንባሩን ያዘ።

“ሴትዮ፣ መንዳት ይችላሉ?”

“እኔ ሻይ ነው የምቀዳው የኔ ጌታ።”

“ወደ ቤትዎ ይሂዱ።” ከዚያ ግን ነገሩን እንደጠረጠረ ወደ ግራ ዞረ። “ቀኝ በስህተት የገባ ካለ ግራም በስህተት የወጣ አለ ማለት ነው። ያ ጢማም ምንድን ነው?”

“የሹፌር ልጅ ነው” አለች ዘውድነሽ።

“ልጅ?”

“አባታችን ሹፌር ነበር። ወንድሜ ነው። እናታችን ታማ ተኝታለች፣ እሱ ነው የሚያነሳት የሚጥላት።” ይኼም እውነት ነው።

መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። ምሳ ሰዓት አልፎታል፣ ፀሐዩ አናቱን መቶታል፣ መንገድ ይጠብቀዋል። “እሺ” አለና ቀኝ የቀሩትን መኪናው ላይ አስጫነ። ከሹፌሮቹ አንዱ የኡሙሰልማ ባል ነበር፤ እሷም ልጆቿን ሰብስባ ታለቅሳለች። ዘውድነሽ ልታያት አልደፈረችም። ለሰው ማዘን እየፈለገች ደስታዋ አላስችል አላት፤ በራሷም ተናደደች።

ኡራሉን የሚነዳው ወታደር ገና ልጅ እግር ነው። መኪናው በር ላይ ካለችው አቀበት ሲደርስ ሞተሩ ጠፋበት። አስነሳ፣ ማርሽ ሊያስገባ ሞከረ፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ ግቢው በሙሉ ጥርሱን አፋጨ። ጠፋ። እንደገና አስነሳ። ካምቢዮው የሚታረድ በሬ ይመስል አጓራ። የተጫኑት ሹፌሮች አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ ይበለው ያሉ ይመስላል። ወታደሩ ለሦስተኛ ጊዜ ማርሹን በጉልበት ደነቆለው።

“ኧረ ፍሪሲዮኑን ርገጥ አንተ ሰውዬ። እስከ መጨረሻው ርገጠው። በሁለተኛ አይነሳልህም፣ አንደኛ አስገባ።”

ተክለሃይማኖት ነበር። ከሕፃናቱ መሃል ወጥቶ፣ ፊቱ በንዴት ቀልቶ፣ በእጁ ማርሹን በአየር ላይ እያስገባ። የተናገረው ምን እንደሆነ የገባው እጁ ገና ሳይወርድ ነው።

መቶ አለቃው ከጋቢናው ወረደ። አልተቆጣም። “ና እስቲ አሳየው” አለው በለሰለሰ ድምፅ። “እስከ አስፋልቱ አድርስልን።”

ተክሌ እህቱን አያት። ዘውድነሽ በወንድሟ እንደዚያን ቀን ተናዳ አታውቅም፤ ጥርሱን ነክሶ ቢቆም ምን ነበረበት? የሰው ካምቢዮ ቢሰበር ምን አገባው? ጎትታ ልትመታው፣ አቅፋ ልታስቀረው አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

እሱ ወጥቶ መሪውን ጨበጠ። መኪናው አንዴ ተነቃነቀና ያለ አንዳች ድምፅ አቀበቱን ወጣ። ያን ጊዜ ነጠላዋን እየጎተተች በጎን ሮጠች።

“ተክሌ፣ ውረድ። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ውረድ፣ ሰማህ?”

“እስከዚያ ብቻ ነው ያለኝ” አላት በመስኮቱ። “ግቢ፣ እመጣለሁ።”

አስፋልቱ ጋ ደረሱ። መቶ አለቃው በእጁ ወደ ሰሜን ወደሚያደርሰው የሞጆ መንገድ አመለከተ፣ መኪናውም ሳይቆም ታጠፈ።